ሳይቃጠል በቅጠል፤ ከመድኃኒት ወደ «ደግ ባክቴሪያ» ያዘነበለው የዓሣ መኖ ገበያ

ዓሣ መብላት በብልሃት ነው ይባላል። ማርባቱ ደግሞ ከመብላቱ የበለጠ ብልሃት ይጠይቃል። ላም ስትታመም መኖ ትተዋለች፤ በግ ሲታመም ከመንጋው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ባለቤቱም ይህንን አይቶ ሐኪም ይጠራል። ዓሣ ግን በሽታውን ውሃ ውስጥ ይዞ ይከርማል። አርቢው ነገሩን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ሬሳው በኩሬው ላይ መንሳፈፍ ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የተገዛው ጫጩት፣ የተበላው መኖና ከባንክ የተበደረው ገንዘብ አብረው ተንሳፈዋል ማለት ነው።

ይህ የጥቂት አርቢዎች ስጋት ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ባወጣው መረጃ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ በእርባታ የተገኘው ዓሣና ሌላ የውሃ እንስሳ 94.4 ሚሊዮን ቶን ደርሶ፣ ከባሕርና ከሐይቅ ተጠምዶ ከሚገኘው ምርት ለመጀመሪያ ጊዜ በልጧል። በሌላ አነጋገር የዓለም የዓሣ ንግድ ከመረብ ወደ ኩሬ ተዛውሯል። ኩሬ ውስጥ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ዓሦች በአንድ ውሃ ተጨናንቀው፣ ያንኑ እየበሉና ያንኑ እያቆሸሹ ስለሚኖሩ፣ አንዱን የያዘ በሽታ ሌላውን ለመያዝ ቀናት አይፈጅበትም።

ለብዙ ዓመታት የዚህ ችግር መልስ አንቲባዮቲክ ነበር። መድኃኒቱን ከመኖ ጋር ቀላቅሎ መስጠት ቀላል ነው፤ ውጤቱም ቶሎ ይታያል። ይሁንና መድኃኒቱ በገዢ ሀገሮች ጉምሩክ ላይ ችግር እያመጣ፣ በኩሬ ውስጥም እያደር ኃይሉን እያጣ ሲሄድ፣ የመኖ አምራቾች ፊታቸውን ወደ ሌላ ሸቀጥ አዞሩ። ይህም ፕሮባዮቲክ የሚባለው፣ ከመኖ ጋር የሚሰጥ ሕያውና ጠቃሚ ባክቴሪያ ነው። ዛሬ ከኢኳዶር እስከ ቬትናም፣ ከግብፅ እስከ ቺሊ በዓሣና በሽሪምፕ መኖ ንግድ ውስጥ የራሱን ቦታ ይዟል። ሸቀጡ የሚከፈልበትን ያህል ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ግን ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ሁሉ ሊመረምረው የሚገባ ጥያቄ ነው።

ቤቱን ቀድሞ የያዘ

ነገሩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የእንጀራ ሊጥ የምታቦካ ሴት ካለፈው ሊጥ ያስቀረችውን እርሾ የምትጨምረው፣ ለመልካም እርሾነቱ ያረጋገጠችው ተህዋስ አዲሱን ሊጥ ቀድሞ እንዲይዝላትና ሌላ የሚያበላሽ ነገር እንዳይገባበት ነው። እርጎ የሚረጋበትን ቅል ወይም ዕቃ ደህና አድርጎ ማጠንና ለዚያው ሥራ ብቻ መያዝም ከዚሁ ጥበብ የሚመደብ ነው። ፋኦና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ባስቀመጡት ትርጉም መሠረት ፕሮባዮቲክ ማለት በበቂ መጠን ሲሰጥ ለተቀባዩ ጤና ጥቅም የሚያስገኝ ሕያው ረቂቅ ተህዋስ ነው። በዚህ ትርጉም ውስጥ ለነጋዴው ዋነኞቹ ቃላት ሁለት ናቸው፤ «ሕያው» እና «በበቂ መጠን»።

ሐሳቡ መጀመሪያ በከብት ሐኪሞች ዘንድ የተረጋገጠው በዶሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ኑርሚና ራንታላ የተባሉ የፊንላንድ ተመራማሪዎች፣ ገና የተፈለፈሉ ጫጩቶች ከጤነኛ አዋቂ ዶሮ አንጀት የተወሰደ ተህዋስ ሲሰጣቸው ሳልሞኔላ የተባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ መቋቋም እንደቻሉ አሳተሙ። ምክንያቱን በደላላ ቋንቋ ለመግለጽ አንጀትን እንደ ኪራይ ቤት ማሰብ ይበቃል። ቤቱን ጨዋ ተከራይ ቀድሞ ከያዘው ወንበዴው የሚገባበት ክፍል ያጣል። አንቲባዮቲክ ደግሞ ጨዋውንም ወንበዴውንም በአንድ ቀን የሚያስለቅቅ አስለቃቂ ነው። ቤቱ ባዶውን ሲቀር ቀድሞ የሚመለሰው ማን እንደሆነ ዋስትና የለም፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመለሰው መድኃኒቱን የለመደው ወንበዴ ነው።

ቦታ መያዝ ግን ብቸኛው ጥቅም አይደለም። አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች አሲድ ስለሚያመነጩ የአንጀቱን አካባቢ ለጠላት የማይመች ያደርጉታል። ሌሎቹ፣ በተለይ ባሲለስ በሚባለው ወገን የሚመደቡት፣ ፕሮቲንና ስታርች የሚፈጩ ኢንዛይሞችን በማውጣት ዓሣው ከበላው መኖ የበለጠ እንዲጠቀም ያግዛሉ። ከዚህም ሌላ የዓሣው ሰውነት በሽታ ተከላካይ ሕዋሳቱን ነቅተው እንዲጠብቁ ያደርጋሉ። በዓሣ ላይ ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1986 በጃፓን የተዘገበው ሲሆን፣ ኮዛሳ የተባለው ተመራማሪ የባሲለስ ቶዮይ ዘር በመኖ ላይ ሲጨመር «የሎውቴይል» የሚባለው የባሕር ዓሣ የተሻለ ዕድገት እንዳሳየ አስታውቆ ነበር።

ወደ እኛ አካባቢ ስንቀርብ፣ ከአፍሪካ በዓሣ እርባታ ግንባር ቀደም በሆነችው ግብፅ በቆሮሶ ዓሣ ላይ በርካታ ሙከራዎች ተደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ አንድ ጥናት፣ ባሲለስ ሰብቲሊስና ላክቶባሲለስ አሲዶፊለስ የተባሉት ባክቴሪያዎች በመኖአቸው የተሰጧቸው ቆሮሶዎች፣ ኤሮሞናስ የሚባለው የታወቀ የዓሣ በሽታ አምጪ ሆን ተብሎ ሲሰጣቸው ካልተሰጣቸው ይልቅ የተሻለ ተቋቁመዋል። ቆሮሶ ደግሞ የኢትዮጵያ ሐይቆች ተወላጅ ስለሆነ ይህ ውጤት ለሀገር ውስጥ አርቢም ትርጉም አለው።

የኢኳዶር ትምህርት

ላቦራቶሪ ውስጥ የሠራ ነገር ሁሉ ገበያ ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። ፕሮባዮቲክ በንግድ ደረጃ የተፈተነበት ታላቁ ቦታ ኢኳዶር ናት።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የኢኳዶር የሽሪምፕ ጫጩት ማስፈልፈያዎች ቪብሪዮ በሚባሉ ባክቴሪያዎች ክፉኛ ይጠቁ ነበር። አንቲባዮቲክ በገፍ ይጨመራል፤ በሽታው ለጥቂት ጊዜ ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል። ማስፈልፈያዎቹ ገንዳዎቻቸውን አድርቀውና አጽድተው እንደገና ለመጀመር በወር በአማካይ 7 ቀን ያህል ሥራ ያቆሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ገደማ አንዳንዶቹ አዲስ ነገር ሞከሩ። ከባሕር ውሃ የተገኘና ጉዳት የማያደርስ የቪብሪዮ ዘመድ አራብተው ወደ ገንዳዎቹ ጨመሩ። ሌባን በዘመዱ ማስጠበቅ እንደማለት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በባለሙያዎች የተመዘገበው ውጤት አስገራሚ ነበር። ከ1991 እስከ 1994 ባለው ጊዜ የአንቲባዮቲክ አጠቃቀም በ94 በመቶ ቀነሰ። በሥራ ማቆም የሚባክነው ጊዜ በወር ከ7 ቀን ወደ ዓመት ከ21 ቀን በታች ወረደ። የምርት መጠኑ በ35 በመቶ አደገ። ያው ገንዳ፣ ያው ሠራተኛና ያው የባንክ ዕዳ በዓመት ውስጥ ከሁለት ወር ያላነሰ ተጨማሪ የሥራ ጊዜ አገኙ ማለት ነው። የቋሚ ወጪን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው፣ ትርፉ ከመድኃኒት ቁጠባው ይልቅ ከዚህ ከተመለሰው ጊዜ እንደመጣ መገመት አያዳግተውም።

በእስያም ተመሳሳይ ማስረጃ ተገኝቷል። ዴቪድ ሞሪያርቲ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በኢንዶኔዥያ ከአንድ የውሃ ምንጭ የሚጠቀሙ የሽሪምፕ እርሻዎችን አነጻጽረዋል። ባሲለስ ያልተጠቀሙት እርሻዎች በሌሊት ብርሃን በሚያበራው የቪብሪዮ ዓይነት ተመትተው ምርታቸውን ከሞላ ጎደል ሲያጡ፣ ባክቴሪያውን የተጠቀመው እርሻ ከ160 ቀን በላይ ያለችግር አርብቷል።

ይህ ሁሉ ሲታይ ለሻጩ ጥሩ ማስታወቂያ ነው። የኢኳዶር ታሪክ ግን እዚህ ላይ አያበቃም።

እ.ኤ.አ. በ1999 ነጭ ነጠብጣብ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ወደ ኢኳዶር ገባ። ከአንድ ዓመት በፊት ከ110 ሺህ ቶን በላይ የነበረው የሽሪምፕ ኤክስፖርት በ2000 ከ40 ሺህ ቶን በታች ወረደ። ሀገሪቱ በዚያው ሰሞን በባንክ ቀውስ ተመትታ በ2000 የራሷን ገንዘብ ትታ በአሜሪካ ዶላር መገበያየት የጀመረች ስለነበር፣ ጉዳቱ በጉዳት ላይ ሆነ። የማስፈልፈያ ገንዳዎችን ከቪብሪዮ የታደገው ደግ ባክቴሪያ ቫይረሱን ሊያቆመው አልቻለም።

ኢንዱስትሪው የተነሳው ሌላ ብዙ ነገር ለውጦ ነው። ከበሽታው የተረፉትን ሽሪምፖች ለዘር መረጠ፤ በአንድ ኩሬ የሚጨምረውን ብዛት ቀነሰ፤ የመኖ አሰጣጡን አዘመነ፤ የውሃና የአንጀት ባክቴሪያ አያያዝን ደግሞ የዕለት ሥራው አደረገው። ኢኳዶር እ.ኤ.አ. በ2023 ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ሽሪምፕ ወደ ውጭ በመላክ ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች፤ ከዓለም ሽሪምፕ ላኪዎችም ቀዳሚዋ ሆናለች። ፕሮባዮቲክ በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው፤ ይሁንና ከሠራተኞቹ አንዱ እንጂ ባለቤቱ አይደለም።

ጭነቱ ሲመለስ

አርቢውን ከአንቲባዮቲክ የገፋው የሳይንስ ክርክር ብቻ ሳይሆን የተመለሰ ኮንቴይነር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች ከእስያ በመጣ ሽሪምፕ ውስጥ ክሎራምፌኒኮል የተባለ የተከለከለ መድኃኒት ቅሪት አገኙ። በጥር 2002 የአውሮፓ ኅብረት ከቻይና በሚገቡ የእንስሳት ውጤቶች ላይ እገዳ ጣለ። ቬትናምና ታይላንድም ጥብቅ ፍተሻ ደረሰባቸው። በሰኔ 2007 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከቻይና የሚገቡ አንዳንድ የእርባታ ዓሦችና ሽሪምፕ ከመድኃኒት ቅሪት ነፃ መሆናቸው እስኪረጋገጥ ድረስ በወደብ እንዲያዙ አዘዘ።

ከመንግሥት ሌላ ገዢውም የራሱን ቁጥጥር ጀመረ። በቺሊ የሳልመን ዓሣ እርባታ ፒሲሪኬትሲያ የተባለውን ባክቴሪያ ለመቋቋም በዓመት ከ500 ቶን በላይ አንቲባዮቲክ ይጠቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ኮስትኮ የተባለው የአሜሪካ ታላቅ የጅምላ መደብር ግዢውን ከቺሊ ቀንሶ መድኃኒት እምብዛም ወደማትጠቀመው ወደ ኖርዌይ እንደሚያዛውር አስታወቀ። ለአንድ ላኪ ሀገር ይህ ከማናቸውም የጤና ሚኒስቴር መመሪያ የበለጠ የሚሰማ ቋንቋ ነው።

ሕጉም በዚያው አቅጣጫ ሄዷል። የአውሮፓ ኅብረት እንስሳትን ለማፋፋት ሲባል አንቲባዮቲክ በመኖ መጨመርን ከጥር 1 ቀን 2006 ጀምሮ ከለከለ። በ2009 ደግሞ ፔዲዮኮከስ አሲዲላክቲሲ የተባለውን፣ ባክቶሴል በሚል ስም የሚሸጥ ባክቴሪያ ለሳልመን ወገን ዓሦችና ለሽሪምፕ መኖ እንዲውል ፈቀደ። አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ተከፈተ፤ የመኖ ኩባንያዎችም በተከፈተው ገቡ።

ምስጋናው ለማን ነው?

የሆነ ሆኖ አንቲባዮቲክ የቀነሰበትን ቦታ ሁሉ ለፕሮባዮቲክ መስጠት ትክክል አይደለም። የኖርዌይ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የኖርዌይ ዓሣ አርቢዎች ወደ 50 ቶን የሚጠጋ አንቲባዮቲክ ተጠቅመዋል። በዚያን ጊዜ የሚያመርቱት ሳልመን ከዛሬው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ መድኃኒቱ ወደ ጥቂት ቶን ወረደ፤ ዛሬ ምርቱ ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ሆኖም የሚጠቀሙት መድኃኒት በዓመት ከአንድ ቶን በታች እየሆነ ነው። ይህንን ያደረገው በዋናነት እያንዳንዱ ዓሣ የሚወጋው ክትባት ነው፤ ከዚያ ቀጥሎም የእርባታ ቦታዎችን ማራራቅና በየተራ ማሳረፍ ነው።

ሽሪምፕ ላይ ግን ይህ መንገድ ዝግ ነው። ሽሪምፕ እንደ ዓሣ በሽታን ለይቶ የሚያስታውስ የመከላከያ ሥርዓት ስለሌለው የተለመደው ክትባት አይሠራለትም። ትንንሽ የዓሣ ጫጩቶችንም አንድ በአንድ መውጋት አይቻልም። ፕሮባዮቲክ ገበያውን ያገኘው በተለይ በዚህ ክፍተት ነው።

የክፍተቱን ስፋት ያሳየው ደግሞ በእስያ የደረሰው ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በቻይና፣ ቀጥሎም በቬትናምና በታይላንድ ሽሪምፕ ኩሬ በገባ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ በጅምላ መሞት ጀመረ። ምክንያቱ ሳይታወቅ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በ2013 በአሜሪካ አሪዞና ዩኒቨርሲቲ በዶናልድ ላይትነር የሚመራው ቡድን ጥፋተኛው የሽሪምፑን የምግብ መፍጫ ዕጢ የሚያፈርስ መርዝ የሚያመነጭ የቪብሪዮ ዓይነት መሆኑን አረጋገጠ። ያን ጊዜ የታይላንድ ምርት ወደ ግማሽ ገደማ ወርዶ፣ የዓለም ዋጋም ጣራ ነክቶ ነበር። ከዚህ የተገኘው ትምህርት፣ ኩሬን በመድኃኒት አምክኖ ባዶ ማድረግ ቶሎ ለሚራባው ቪብሪዮ ሜዳውን መልቀቅ መሆኑ ነው። ብዙ አርቢዎች ኩሬውን ከማምከን ይልቅ በጠቃሚ ባክቴሪያ ቀድሞ ወደ መሙላት የዞሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ሂሳቡ

የመኖ ወጪ በአብዛኛው የዓሣ እርባታ ከጠቅላላ ወጪው ግማሽና ከዚያም በላይ ነው። ስለዚህ በመኖ ዋጋ ላይ የምትጨመር ትንሽ መቶኛ ቀላል አትሆንም። ለስሌት እንዲያመች ብቻ የሚከተለውን ምሳሌ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ የገበያ ዋጋ ሳይሆኑ ለማስረጃ የተቀመጡ ናቸው።

አንድ አርቢ 40,000 የቆሮሶ ጫጩት አስገባ። 80 በመቶው፣ ማለትም 32,000 ዓሣ፣ ለገበያ ደረሰ። አንዱ ዓሣ ሩብ ኪሎ ቢመዝን ምርቱ 8,000 ኪሎ ነው። አንድ ኪሎ ዓሣ ለማግኘት 1.7 ኪሎ መኖ ቢፈጅ፣ የተበላው መኖ 13,600 ኪሎ ይሆናል። መኖው በኪሎ 100 ብር ቢሆን ወጪው 1,360,000 ብር ነው። ፕሮባዮቲኩ የመኖውን ዋጋ በ3 በመቶ ቢያስወድደው አርቢው 40,800 ብር ተጨማሪ ያወጣል።

ይህንን ገንዘብ ለመመለስ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የመኖ ቁጠባ ነው። በኪሎ ዓሣ የሚፈጀው መኖ ከ1.7 ወደ 1.65 ከወረደ ወጪና ገቢው ይካካሳሉ። ሁለተኛው ከሞት የሚተርፈው ዓሣ ነው። አንድ ኪሎ ዓሣ በ300 ብር ቢሸጥና የበላው መኖ 175 ብር ያህል ቢሆን ቀሪው 125 ብር ነው፤ ስለዚህ ወጪውን ለመሸፈን ወደ 327 ኪሎ፣ ማለትም 1,300 ገደማ ተጨማሪ ዓሣ መትረፍ አለበት። ከ80 በመቶ ወደ 83 በመቶ ከፍ ማለት ማለት ነው።

ሁለቱም ሊደረስባቸው የማይቻሉ አይደሉም። ነገር ግን ጉዳዩ ወዲህ ነው፤ ውሃው ንጹሕ በሆነበት፣ ዓሣው ባልተጨናነቀበትና በሽታ በሌለበት ኩሬ ከ80 ወደ 83 የሚያደርስ ክፍተት ላይኖር ይችላል። በዚያ ጊዜ ሸቀጡ እንደ እሳት አደጋ ኢንሹራንስ ይሆናል፤ እሳት ባልተነሳበት ዓመት ዓረቦኑ ወጪ ብቻ ነው። በተጨናነቀና በተደጋጋሚ በሚታመም ኩሬ ደግሞ አንድ ወረርሽኝ የሚያስቀር ከሆነ የብዙ ዓመት ዋጋውን በአንድ ጊዜ ይመልሳል። ስለሆነም «ፕሮባዮቲክ ያዋጣል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው ጆንያው ላይ ሳይሆን አርቢው ያለፉትን ዓመታት ሞት በመዘገበበት ደብተር ውስጥ ነው። ደብተር የሌለው አርቢ ትርፉንም ኪሳራውንም በወሬ ነው የሚያውቀው።

ሌላም ነጥብ አለ። የውሃ እንስሳ አንጀት ሁልጊዜ ውሃ የሚገባበትና የሚወጣበት ስለሆነ የተሰጠው ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ አይከርምም። መስጠቱ ሲቆም ቁጥሩ በጥቂት ጊዜ ውስጥ እየመነመነ ይጠፋል። ለሻጩ ይህ ቋሚ ደንበኛ ማለት ነው፤ ለገዢው ግን ቋሚ ወጪ ነው። የሽያጭ ወረቀት ላይ ብዙም አይነገርም።

ጆንያው ላይ ያለውና ጆንያው ውስጥ ያለው

ፕሮባዮቲክ ከሌላ የመኖ ተጨማሪ የሚለየው ሕያው ሸቀጥ በመሆኑ ነው። ቫይታሚን ቢያረጅ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ባክቴሪያ ግን ይሞታል። የሞተውንም የዳነውንም በዓይን መለየት አይቻልም። ለዚህም ነው በዚህ ንግድ ውስጥ ማጭበርበር ቀላል፣ ማጣራት ደግሞ ከባድ የሆነው።

ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። መኖ በእንክብል መልክ ሲጨመቅ ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። ተንሳፋፊ የዓሣ መኖ በሚሠራበት ማሽን ውስጥ ደግሞ ከ100 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ላክቶባሲለስና ፔዲዮኮከስን የመሳሰሉት የእርጎ ወገን ባክቴሪያዎች ይህንን ሙቀት ስለማይችሉ፣ መኖው ከማሽን ወጥቶ ከቀዘቀዘ በኋላ በዘይት ተለውሰው ከላይ መቀባት አለባቸው። ባሲለስ ግን ክፉ ቀን ሲመጣ ራሱን በጠንካራ ቅርፊት ሸፍኖ እንደ ዘር መቀመጥ ስለሚችል የመኖ ፋብሪካዎች ይመርጡታል። እሱም ቢሆን ከኃይለኛ ሙቀት ሙሉ በሙሉ አያመልጥም። በአንድ ግራም አንድ ቢሊዮን ባክቴሪያ ገብቶ ከመቶ አንዱ ብቻ ቢተርፍ የቀረው 10 ሚሊዮን ነው። መለያው ላይ የተጻፈው ቢሊዮኑ ከሆነ ገዢው የከፈለው ለሬሳው ጭምር ነው።

ከዚህ በመነሳት አስመጪም ሆነ አርቢ ከመክፈሉ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ይታወቃል። አንደኛ፣ ባክቴሪያው የትኛው ነው? «ባሲለስ» ብቻ ማለት «ከሀበሻ ወገን» እንደማለት ነው፤ ዝርያውና የተመዘገበበት ቁጥር መጠቀስ አለበት። ሁለተኛ፣ በአንድ ግራም ውስጥ ስንት ሕያው ባክቴሪያ አለ? ቁጥሩ የተለካውስ በተመረተ ቀን ነው ወይስ ለአገልግሎት ማብቂያው ቀን ዋስትና የተሰጠበት? ሦስተኛ፣ ከጂቡቲ ወደብ ተነስቶ መጋዘን እስኪገባ ድረስ ያለውን ሙቀት ይችላል? አራተኛ፣ የተሞከረው በየትኛው ዓሣና በስንት ዲግሪ ውሃ ነው? በሞቃት የባሕር ኩሬ በሽሪምፕ ላይ የሠራ ባክቴሪያ በደጋ ውሃ በቆሮሶ ወይም በአምባዛ ላይ ይሠራል ብሎ በደፈናው መውሰድ አይቻልም።

አምስተኛውና የሚረሳው ጥያቄ ደግሞ ባክቴሪያው ራሱ መድኃኒት የለመደ ነው ወይ የሚለው ነው። ባክቴሪያ አንቲባዮቲክን የሚቋቋምበትን ባሕርይ ለጎረቤቱ ማስተላለፍ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2013 ለአሳማ፣ ለዶሮና ለጥንቸል መኖ ፈቃድ የነበረውን የባሲለስ ቶዮይ ውጤት ያገደው በዚሁ ስጋት ነው። ይህ በ1986 በጃፓን በዓሣ ላይ ከተሞከሩት ቀደምቶች አንዱ የሆነው ያው ባሲለስ ቶዮይ መሆኑ፣ «ደግ» የተባለ ባክቴሪያ ሁሉ ለዘለዓለም ደግ ተብሎ እንደማይቀር ያሳያል።

በሀገር ውስጥ

የኢትዮጵያ የዓሣ ገበያ እስካሁን በአብዛኛው የሚመገበው ከጣና፣ ከዝዋይ፣ ከጫሞና ከመሳሰሉት ሐይቆች ተጠምዶ በሚመጣ ዓሣ ነው። በዐቢይ ጾም ሰሞን ፍላጎቱ ሲያሻቅብ ዋጋውም አብሮ እንደሚወጣ የዓሣ ቤት ደንበኛ ሁሉ ያውቀዋል። የእርባታው ዘርፍ ገና ትንሽ ነው፤ በሰበታ የሚገኘው የዓሣ ምርምር ማዕከል ጫጩት በማራባትና በማከፋፈል ለዓመታት ሲሠራ ቢቆይም፣ ብዙው ኩሬ በገበሬ ጓሮ የተቆፈረና ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎና የቤት ትራፊ የሚመገብ ነው።

እንዲህ ባለው ኩሬ ፕሮባዮቲክ ገዝቶ መጨመር ጣራው ለሚያፈስ ቤት መጋረጃ እንደመግዛት ነው። ቀድሞ የሚያስፈልገው የተመጣጠነ መኖ፣ ጤነኛ ጫጩትና የሚለዋወጥ ውሃ ነው። ዓሣን በብዛት አጨናንቆ፣ የፋብሪካ መኖ እያበላና በብድር ገንዘብ እየሠራ ወደ ትልቅ ምርት የሚገባ ኢንቨስተር ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ብዛት በጨመረ ቁጥር በሽታ መምጣቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ፈተና አንቲባዮቲክ መጨመር ይሆናል። ኢኳዶር፣ ቺሊና ታይላንድ ያንን ፈተና ውድ ዋጋ ከፍለው አልፈውታል። ዘርፉ ገና ከመነሻው ላይ ያለ ሀገር የሌሎቹን ዋጋ ሳይከፍል ትምህርታቸውን ብቻ የመውሰድ ዕድል አለው።

ለጊዜው ለነጋዴው የሚቀረው ቀላል ስሌት ነው። ፕሮባዮቲክ የታመመ ዓሣ የሚያድን መድኃኒት አይደለም፤ ቫይረስም አያቆምም፤ የቆሸሸ ውሃም አያጠራም። ደህና በተያዘ ኩሬ፣ በትክክለኛ ዝርያና ሕያው ሆኖ ከደረሰ ግን ሞትን ይቀንሳል፤ መኖ ይቆጥባል፤ ጭነትን ከጉምሩክ ጣጣ ያድናል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ብሂል የሚሠራው ቅጠሉ ትኩስ ሲሆን ነው። የደረቀ ቅጠል በጆንያ ተሞልቶ ቢሸጥ ለእሳቱ ማገዶ ከመሆን አያልፍም።